የኦቦ ጀቤሳ በሮች

አምቦ ውስጥ ሳሎኑ መሃል ሁለት በር ያቆመ ሰው ጀቤሳ ብቻ ነው። በሮቹ ወደየትም አያስገቡም፣ ከየትም አያስወጡም። ቁመታቸው ከሰው ይበልጣል፤ ውፍረታቸው ከመዝገበ ቃላት አይዘልም፤ ፊታቸው ወንፊት በመሰለ ጥቁር ብረት ተሸፍኗል። አዲስ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይሄ በር ወዴት ነው የሚያስገባው?» ብሎ ነው። ጀቤሳም ጥያቄዋን ሲጠብቅ የዋለ ይመስል ፈገግ ይልና፣ «አረፍ በል፣ ታያለህ» ይላል። የሚታይ ነገር ግን የለም። የሰፈሩ ሰው በኦሮምኛ «ባልባላ ጀቤሳ» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል፤ የጀቤሳ በር ማለቱ ነው። ስም ያላወጣችላቸው ሚስቱ ሲንቄ ብቻ ናት። እሷ «እነሱ» ነው የምትላቸው።

በሮቹ ድምፅ ማጉያዎች ናቸው። እኛ የምናውቀው ማጉያ፣ የጉባኤውም የሰርጉም ሞንታርቦ፣ ሆዱን እየነፋና እየሰበሰበ ነው የሚጮኸው። እነዚህ ሆድ የላቸውም። በሁለት ወንፊት ብረት መካከል ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ላስቲክ ተወጥሯል፤ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ያንን ስስ ነገር ወዲያና ወዲህ ሲጎትተው ድምፅ ይሆናል። ያመጣቸው አንድ የሰብል በሽታ የሚያጠና ፈረንጅ ነበር። አንደኛው ተበላሽቶበት አዲስ አበባ ድረስ የሚነካለት ቢያጣ፣ «እስቲ ጀቤሳን ሞክር» አሉት። ጀቤሳ ከፈተው፣ ነዘረው፣ ዘጋው፤ ደግሞ ከፍቶ አስነሳው። በ2008 ዓ.ም. መንገዱ ሁሉ በተዘጋጋበት በዚያ በግርግሩ ጊዜ ሰውየው ወደ አገሩ ሲገባ፣ ሁለቱንም ከአንዲት ጥቅል መለዋወጫ ላስቲክ ጋር ትቶለት ሄደ። ላስቲኩ ካለቀ ሌላ የት እንደሚገኝ እሱም አያውቅም ነበር።

ጀቤሳ በወንጪ መንገድ ላይ ካለ የገበሬ ቤት ነው የተወለደው። በደርግ ጊዜ ወታደር ቤት ገብቶ የመገናኛ ሬዲዮ ጥገና ተማረ፤ ጦሩ ሲበተን ከዚያ ሁሉ ዓመት ይዞት የተመለሰው ያንን ሙያ ብቻ ነው። አምቦ ገበያው አጠገብ ጥገና ቤት ከፈተ። ስሙን ያስጠራው ግን ጥገናው ሳይሆን ጆሮው ነው። ከጊንጪ እስከ እጃጂ፣ የወንጌላውያን ጉባኤ በተዘጋጀ ቁጥር ማጉያውን የሚያስተካክለው እሱ ነበር። አዳራሹ መሃል ይቆማል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ጣቱን ያነሳል፤ ያኔ ዘማሪውም ሰባኪውም ትንፋሹን ይውጣል። ዓይኑን ሳይገልጥ «ከግራ ሁለተኛው ማይክ ሽቦው ላልቷል» ይላል፤ ሲያዩት ላልቷል። ሌላ ሀብት የለውም። መሬት የለውም፣ ሹመት የለውም፤ ሰው «ኦቦ ጀቤሳ» ብሎ ከመቀመጫው የሚነሳለት ለዚያ ጆሮው ነው።

ሲንቄንም ያገኛት በጆሮው ነው። ደርግ ከወደቀ ብዙም ሳይቆይ የመዘምራኑን ካሴት ሊቀዳ ሄደ። እሷ ያኔ አዲስ አስተማሪ ነበረች፤ የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነው። «ስ» ስትል በፍንጭቷ በኩል ቀጭን ፉጨት ያመልጣታል፤ በተለይ «የሱስ» የሚለው ስም መጨረሻ ላይ። የመዘምራኑ መሪ በዚህ ምክንያት ሁልጊዜ ከኋላ ነበር የሚያቆማት። ጀቤሳ ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ፣ «ይቺ የምታፏጨው ማናት?» አለ። ልባረር ነው ብላ እንባዋ መጣ። «ወደፊት ትምጣ» አለ። የዚያን ዕለት ብቻዋን፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ አንድ መዝሙር አስቀዳት። ሰርጋቸው ከዚያ የራቀ አልነበረም።

ያቺን ፉጨት ሌላ ማጉያ ሁሉ ይውጣታል። በሮቹ ግን አወጧት። መጀመሪያ የተከፈቱ ዕለት ሲንቄ ጓዳ ነበረች። ከሳሎን የሴት ድምፅ ስትሰማ ሰው የገባ መስሏት ወጣች፤ ሰው የለም። ሁለቱ በሮች ቆመዋል፤ መካከላቸው ባዶ ቦታ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ትዘምራለች፣ ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማል። ጀቤሳ ወንበሩ ላይ ሆኖ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። «ሃዳ ሩት!» አላት፤ የሩት እናት ማለቱ ነው፤ ልጃቸው ከተወለደች ወዲህ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። «ፍንጭትሽ እኮ መጣች!»

ከዚያ በኋላ ቤቱ የእነሱ ሆነ። ድምፃቸው በፊትም በኋላም ስለሚወጣ ግድግዳ አይወዱም፤ ስለዚህ ሶፋው ወደ በረንዳ ተሰደደ። ጀቤሳ በሲባጎ እየለካ አንዱን ጣት ታህል ሲያስጠጋ፣ ሌላውን ጣት ታህል ሲያርቅ፣ ከሥራቸው የባሕር ዛፍ ስንጣሪ እየሸጎጠ ሲያዘነብላቸው አንድ በጋ አለቀ። ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል ብሎ ኮርኒሱ ውስጥ አሮጌ ልብስ ጠቀጠቀ። ግድግዳው ድምፅ ይመልሳል ብሎ የአማቱን ቡልኮ ከኋላቸው ሰቀለ። ክረምት ሲገባ እርጥበቱ ይይዛቸውና ይንሾካሾካሉ፤ ያኔ ከየጀርባቸው አምፖል አብርቶ ያሞቃቸዋል። ሲንቄ «ለኔ ጉልበት አምፖል የሚያበራልኝ አጣሁ» እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር። ያኔ ይሳቅ ነበር።

ትልቁ ጠባያቸው ደግሞ ስስት ነው። ጥርት ያለውን ድምፅ የሚሰጡት ለአንድ ወንበር ብቻ ነው፤ ከዚያ ፈቀቅ ካሉ ፉጨቷ የለችም። በእኛ አገር ደግሞ ጥሩ ወንበር የእንግዳ ነው። እንግዳው እዚያ ላይ ጉብ ብሎ ስለ ጤፍና ስለ ማዳበሪያ ያወራል፤ ባለቤቱ ዳር ዱካ ላይ ሆኖ «ሰማህ? አሁን ሰማህ?» ይላል። እንግዳውም «ጋሪ ዳ፣ ጋሪ ዳ!» ይላል፤ ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው። የሰማ ይሁን ያልሰማ አምላክ ይወቀው። በኋላ ጀቤሳን የጎዳው ይኸው «ጋሪ ዳ» ነው።

ነገሩ የጀመረው በወፎች ነበር። አንድ ማለዳ ጀቤሳ በረንዳ ላይ ፊቱን እየታጠበ፣ «ዘንድሮ ወፎቹ የት ገቡ? ዛፉን ቆርጠው ቆርጠው አባረሯቸው» አለ። ሲንቄ ቀና ብላ አየች። ግራሩ ላይ ወፎቹ ይንጫጫሉ። እየቀለደ መስሏት ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። ቀጥሎ ተራው የስልኩ ጥሪ ሆነ፤ አጠገቡ እየጮኸ አያነሳውም። ቀጥሎ ጫጩቶቹ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከወንበሩ ተነስቶ፣ «ፍንጭትሽ ቀጠነች» አላት። ከክረምቱ በኋላ ደግሞ «ጠፋች» አለ።

ሰው ጆሮው ሲደክም ጆሮውን አይጠረጥርም። በዓይንማ ፊደሉ ሲደበዝዝ ይታወቃል፤ በጆሮ የጠፋ ነገር ግን ጭራሹን እንዳልነበረ ነው የሚሆነው። ጀቤሳ መጀመሪያ አቧራውን ወቀሰ፤ በቀለም ብሩሽ ጠረገው። ከዚያ እርጥበቱን ወቀሰ፤ ከዚያ የመብራት ኃይሉን ማነስ፤ ከዚያ አይጥ። ትሬብሉን፣ የቀጭኑን ድምፅ ቁልፍ፣ ከፍ አደረገ፣ ጨመረበት፣ ደገመ። በሮቹ እንደ መርፌ የሚወጋ ድምፅ ያወጡ ጀመር። ሲንቄ ጓዳ ገብታ ጥጥ በጆሮዋ ትወትፋለች። «እንዴት ነው?» ይላል ከሳሎን። «ጥሩ ነው» ትላለች ከነጥጧ።

እሷ ያወቀችው ያኔ ነው። ያረጋገጠችላት ግን ልጃቸው ሩት ናት። ሩት ጊንጪ ጤና ጣቢያ ነርስ ነች፤ እሑድ እሑድ እዚያው ታመልካለች። አንድ ቅዳሜ መጥታ እናቷን ጓሮ ወሰደቻት።

«እማዬ፣ አባዬ ጊንጪ መጥቶ ድምፁን አስተካክሎ ሲወጣ ምን እንደሚያደርጉ ታውቂያለሽ?»

«ምን ያደርጋሉ?»

«ቁልፉን ሁሉ መልሰው ያወርዱታል። እስኪያወርዱት ድረስ ሕፃናቱ ያለቅሳሉ። ለሱ ግን 'እግዜር ይስጥልን ኦቦ ጀቤሳ' ብለው በር ድረስ ይሸኙታል።»

ሲንቄ አላመነችም። ለእጃጂ ጉባኤ ከባሏ ጋር ሄደች። ጀቤሳ እንደ ልማዱ መሃል ቆመ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጣቱን አነሳ፣ ድምፁን ከፍ አስደረገ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን እያወረዱ ጆሯቸው ላይ ጠመጠሙ። የጉባኤው ሽማግሌ ኦቦ ለሜሳ ግንባሩን ቋጥሮ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። ጀቤሳ ዓይኑን ሲገልጥ ሁሉም ተሸፋፍኖ አንገቱን ደፍቷል። ወደ ሚስቱ ጎንበስ ብሎ፣ ደስታው ፊቱን አብርቶት፣ «አየሽ?» አላት። «ድምፅ ሲጠራ ሰው እንዴት እንደሚጸልይ አየሽ?»

ያ ቀን ሲንቄን እስከ ዛሬ ይቆጫታል። እዚያው ብትነግረው ኖሮ ይሻል ነበር። ግን እንዴት ተብሎ? ባልን በሰው ፊት? በሰው ፊት ባይሆንስ፣ አንድ ሀብት ያለውን ሰው ያችኑ ሀብትህን ተዘርፈሃል ይሉታል እንዴ? ሆድ ይፍጀው አለች። የኛ ሰው ይሉኝታ ደግ ይመስላል፤ ሰውን ሳይነካ ጉድጓድ ውስጥ ያኖራል።

ሩት አልተወቻትም። አንድ ጊዜ በነገር አዟዙራ፣ «አባዬ፣ አዲስ አበባ ጆሮ የሚለኩበት መሣሪያ አለ» ብትለው፣ «የኔን ጆሮ? የምዕራብ ሸዋን ጆሮ ሁሉ የምለካው እኔ ነኝ!» ብሎ እየሳቀ ሸኛት። እናትየው ደግሞ ልጅቷን ተቆጣች። ነገሩ እንዲህ ተደፍኖ ሊቀር ይችል ነበር፣ ጀቤሳ ፍርዱን ባይሰጥ ኖሮ።

ፍርዱ ይህ ነበር፤ ላስቲኩ ሞቷል፣ ይቀየር። ክረምቱ ይውጣ፣ አየሩ ይድረቅ፣ ጥቅምት ላይ አሮጌው ተቀዶ በፈረንጁ ጥቅል ይተካል። ላስቲኩን እኩል መወጠር ግን የሰው እጅ የሚችለው ሥራ አይደለም ለማለት ይቀርባል፤ ፈረንጁ ራሱ ፈርቶ ያልሞከረው ነው። አንዲት እጥፋት ብትገባ ጥቅሉ አለቀ፣ በሮቹም አለቁ። ሲንቄ ይህን ታውቃለች። ደህናው ላስቲክ ሊቀደድ ነው፤ የወጣትነት ድምፅዋም ከነፍንጭቷ አብሮ ሊቀደድ ነው፤ ከተቀደደ በኋላ እሱ ያው ነው፣ አይሰማም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ነው። በየቀኑ ዛሬ እነግረዋለሁ እያለች ትነሳለች፤ ሲመሽ ነገ ትላለች። ጥቅምትም ደረሰ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነበር። ጀቤሳ ጠረጴዛውን አጽድቶ ጥቅሉን፣ መቀሱን፣ ሙጫውን ደረደረ። እጁን በሳሙና ታጠበ። «ከመቅደዴ በፊት አንድ ጊዜ ልስማው» አለ። «ደህና ሆኖ ሳለ ነው የፈረድኩበት እንዳልባል። ሃዳ ሩት፣ መሃል ሁኚና ስልሽ የግራውን ታዘነብይልኛለሽ።» ካሴቱን ከፈተና ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ።

ሲንቄ በሁለቱ በሮች መካከል ቆመች። መዝሙሩ ከግራና ከቀኟ ተነሳ። በሃያዎቹ ዕድሜ ያለች ራሷ መጣችባት፤ ጉሮሮዋ ያልሰለለ፣ ትንፋሽዋ ያላጠረ። እሷም ሳታስበው ከሥር ከሥሩ ታንጎራጉር ጀመር። ያቺን ፉጨት «የሱስ» ላይ ስትሰማ፣ አሁን ካልነገርኩት መቼም አልነግረውም አለች በልቧ። አፏን ልትከፍት ስትል የማቀዝቀዣው ድምፅ ጸጥ አለ፣ የማጉያው ቀይ መብራት ጠፋ። መዝሙሩ መሃል ላይ ተቆረጠ።

ለምን እንዳደረገችው ራሷም አታውቅም። ስሙ ላይ መዝሙር አይቋረጥም ብላ ይሁን፣ ወይም እሱ ዓይኑን ገልጦ መቀሱን እንዳያነሳ ብላ፣ ቃሉን ከተቆረጠበት ተቀብላ በራሷ አፍ ቀጠለች። ጀቤሳ ዓይኑን አልገለጠም። ጣቱን አነሳ።

«ይኸው፣ ይኸው!» አለ። «አሁን ስሚው፣ 'የሱስ' ላይ ስሚው! ፍንጭትሽ የለችም። ይባስ ብሎ ድምፅሽን አስረጅቶታል። የአሮጊት ድምፅ እኮ ነው ያደረገው! አለቀለት ይሄ፣ ሞቷል። መቀሱን አቀብዪኝ።»

ሲንቄ መዘመሯን አቆመች። ሳሎኑም ዝም አለ።

«ለምን አጠፋሽው?» አለ፣ ዓይኑን ገልጦ።

«አላጠፋሁትም።»

«እና?»

«መብራት ሄዷል፣ አባ ሩት።»

«አሁን?»

«ቅድም ነው።»

የጠፋችውን ቀይ መብራት አየ። ማቀዝቀዣው ወዳለበት ዞረ። ቀጥሎ እሷን አየ፤ በባዶው ቦታ መሃል ቆማለች። ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት፤ ሊረዳው ስላልፈለገ ይመስለኛል።

«ማን ነበር የሚዘምረው?»

«እኔ ነበርኩ።»

ከወንበሩ ተነስቶ መጣ። ፊት ለፊቷ ቆመና «በዪው» አላት። «ስሙን በዪው።»

«የሱስ» አለች።

መዳፉን አነሳና ከአፏ ፊት አስጠጋው። «ድገሚው።» ደገመችው። ከፍንጭቷ የወጣው ቀጭን ነፋስ መዳፉን ነካው፤ ሲነካው ደግሞ ታወቀው። አንዴ ደግሞ አስባላት። ነፋሱ መጣ፣ ፉጨቱ አልመጣም። እጁን እንደ ዘረጋ ቀረ።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«ቆይቷል።»

«ሩትስ?»

«እሷም ታውቃለች።»

ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ጥቅሉን በክርኑ ገፍቶ። «ጊንጪስ?» አለ።

«ጊንጪም።»

«እጃጂስ? ያ ሁሉ ጸሎት?»

ሲንቄ አለቀሰች። እሱ አላለቀሰም። ቢያለቅስ በተሻለ ነበር። መቀሱን ብቻ አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተና የማጉያውን ሶኬት ነቀለ። «ላስቲኩ ደህና ነው ማለት ነው» አለ፣ ለሌላ ሰው ዕቃ ጠግኖ እንደ ጨረሰ ሁሉ። ማታ እራት አልበላም።

በሮቹ ተረፉ። አሁንም ሳሎኑ መሃል ቆመዋል፤ የሚከፍታቸው ግን የለም። ሲንቄ አንድ ቀን ብቻዋን ልትሰማው አስባ ነበር፤ ለሱ ሞቶ ለሷ ሲዘመር ልቅሶ ቤት መጨፈር መሰላትና ተወችው። ጀቤሳ ጥገና ቤቱን ይከፍታል፣ የሞባይል ባትሪ ይቀይራል፣ ሰው ሲያናግረው አፍ አፉን ያያል። ከሩት ጋር አዲስ አበባ ሄደው ጆሮው ተለካ፤ የሄደው አይመለስም አሏቸው።

በኅዳር ኦቦ ለሜሳ ከእጃጂ መጣ። ጉባኤ ደርሷል፣ ድምፁን ኦቦ ጀቤሳ ያስተካክሉልን ሊል ነው። ሲንቄ ወንበር አቀረበችለትና በሩ አጠገብ ቆመች። ጀቤሳ እስኪጨርስ ጠበቀው።

«ኦቦ ለሜሳ» አለው፣ «ጆሮዬ ሄዷል። ሐኪም አይቶኛል። ያለፉት ዓመታት ሁሉ ሰው ሳሳምም ነው የከረምኩት። ሌላ ሰው ፈልጉ።»

ይህን ለመናገር ምን ያህል እንደ ታገለ የምታውቀው ሲንቄ ናት። ለሜሳ ደነገጠ። እውነቱን ተቀብሎ፣ እጁን ይዞ፣ አይዞህ ቢለው በቂ ነበር። ይሉኝታው ግን ቀደመው።

«ኧረ ምን ይላሉ!» አለ፣ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። «ምን ሆነው ነው? የዛሬ ዓመት ያስተካከሉት ድምፅ እኮ እስካሁን ይወራለታል! ሴቶቹ ሳይቀሩ ይመርቁዎታል። ያለ እርስዎማ አይሆንም!»

ጀቤሳ የሰውየውን አፍ ትቶ ዓይኑን ተመለከተ። ለሜሳ ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ። ሲንቄ የባሏን ፊት አየች፤ እንዲህ ያለ ፊት የምታውቀው ጥንት፣ አዳራሽ መሃል ቆሞ አንዲት የላላች ሽቦ ሲለይ ነው።

«ሰማሁ» አለ ጀቤሳ።